ኤችቲቲፒን አበላሽታችሁ ተማሩት

ዌብ ዴቨሎፐር ነኝ የሚል ሰው ስታገኙ አንድ ነገር ጠይቁት። ብሮውዘሩ ሰርቨሩን ቃል በቃል ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው? ስለ ሪአክትና ላራቬል ሲያወራ ቢውል የማይደክመው ሁሉ እዚህ ጋ ይንተባተባል። ጥፋቱ የአስተማሪዎቹ ይመስለኛል፤ ፍሬምወርኩ ይቀድማል፣ ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ሁሉም ነገር የሚሄድበት ኤችቲቲፒ ግን ሁለት ስላይድ ደርሶት ይታለፋል።

ቪዲዮውን ተዉትና ተርሚናል ክፈቱ። በቴልኔት ወይም በኔትካት (የጻፋችሁትን በቀጥታ ለሰርቨር የሚልኩ ፕሮግራሞች ናቸው) ከኤግዛምፕል ዶት ኮም ጋር በፖርት 80 ተገናኙ። «ጌት / ኤችቲቲፒ/1.1» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ (በላቲን ፊደል ነው እንግዲህ)። ቀጥሎ የሆስት መስመር፣ የሳይቱ ስም ያለበት። ኢንተር። ዝም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኔትወርኩን ይረግማል። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም፤ ሰርቨሩ ባዶ መስመር እየጠበቀ ነው፣ ሄደሩ (እንደ ሆስት ያሉት መግለጫ መስመሮች) ማለቁን የሚያውቀው በሱ ነውና። አንዴ ደግማችሁ ኢንተር ስትሉ 200 (ተሳክቷል) ይዞ ከች ይላል። አሁን ሆን ብላችሁ የሆስቱን መስመር ዝለሉት። ደንቡ 400 (ጥያቄው ልክ አይደለም) መልስ ይላል፤ አንድ አይፒ አድራሻ ላይ ብዙ ሳይት ሊኖር ስለሚችል የትኛውን እንደፈለጋችሁ ካልነገራችሁት ከየት ያምጣው?

እኔ የምወደው ግን የሚቀጥለውን ነው። በፓይተን ሶኬት ብቻ ትንሽ ሰርቨር ጻፉና «ሰላም» ብሎ እንዲመልስ አድርጉት፣ በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ ነው)። ኮንቴንት ሌንግዝ ላይ (የመልሱን ርዝመት የሚናገረው ሄደር ነው) 3 አስገቡ፣ ሦስት ፊደል አይደል? ብሮውዘሩ «ሰ» ብቻ ያሳያችኋል። የሚቆጠረው ባይት ነው፣ እያንዳንዱ የኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ስለሚይዝ 9 ነበር መሆን የነበረበት። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሞክር ሰው ፊደሉና ባይቱ እኩል ስለሚመጣለት ይህን ሳያይ ያልፋል፤ እስቲ አንዴ እንኳ ፊደላችን ይጥቀመን። ቁጥሩን 20 አድርጋችሁ ግንኙነቱን ሳትዘጉ ደግሞ ሞክሩት፣ ብሮውዘሩ የማይመጣ ባይት ሲጠብቅ ታዩታላችሁ።

ብሮውዘሩ ላይ ኤፍ12 ተጭናችሁ ኔትወርክ የሚለውን ታብ ማየትም አለ። 304 ካያችሁ ሰርቨሩ «ያለህ ቅጂ አልተቀየረም» ማለቱ ነው፣ ፋይሉ ዳግም አይወርድም። ደንበኛው በሞባይል ፓኬጅ የሚጠቀምበትን ሳይት እየሠራ ይህን የማያውቅ ሰው ይገርመኛል።

«ይሄ እኮ አሮጌ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤችቲቲፒ/2 ባይነሪ ስለሆነ በእጅ አይጻፍም፤ በ2022 የጸደቀው ኤችቲቲፒ/3 ደግሞ ጭራሽ የቀድሞዎቹ የሚጓዙበትን ቲሲፒን ትቶ በሌላ ማጓጓዣ፣ በዩዲፒ ነው የሚሄደው። ግን ጌት ያው ጌት ነው፣ 404ም (አልተገኘም) ያው 404። አርኤፍሲ 9110 የተባለው ሰነድ ይህን የጋራ ትርጉም ለብቻው ይዞታል፣ በነጻ ይነበባል። ከገጽ አንድ ግን እንዳትጀምሩት፣ እንቅልፍ ይጥላችኋል። ያበላሻችሁትን ነገር ክፍል ብቻ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ለኤችቲቲፒኤስ (ለተመሰጠረው ኤችቲቲፒ) ቴልኔት አይሆንም። ከርል የተባለውን የተርሚናል ፕሮግራም በማይነስ ቪ (-v) አስነሱት፤ የሄደውንም የመጣውንም ሄደር፣ ኤችቲቲፒ/2 ቢሆን እንኳ፣ በሚነበብ ጽሑፍ ያሳያችኋል።