ቡቺ ስንት ኪሎ ይይዛል?

ዛሬ ጠዋት አክስቴ ደወለች። ሰላምታው እንኳን በወጉ አላለቀም።

«ስማ እንጂ፣ ውሻው የሚሄድበት ሣጥን ትልቅ ነው አሉ። ከሥሩ ሁለት ኪሎ ሽሮ አያስገባም?»

ሻይ ትን አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ጓዟን ጠቅልላ ባሏ ወዳለበት ወደ ቨርጂኒያ ልትሄድ ነው። ቡቺንም ይዛው ትሄዳለች። ቡቺ ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት ከቱቦ ውስጥ ያወጣችው የሐበሻ ውሻ ነው። ፎርሙ ላይ «ዝርያ» የሚል ቦታ አለ። ብዙ አስባ «ድብልቅ» ብላ ሞላችው። ከምንና ከምን እንደተደባለቀ እናቱ ትወቀው።

ታዲያ ይኼ ውሻ ለብቻው ሣጥን ተሠርቶለት እንደሚሄድ ከተሰማ ወዲህ ዘመድ እንቅልፍ አጥቷል። ባዶ ቦታ አሜሪካ ሊሄድ! እኛ ቤት ከዚህ የባሰ ኃጢአት የለም። ሰው ውጭ አገር ሲሄድ ሻንጣው የሱ አይደለም፣ የዘመድ ነው። የራሱን ሱሪ የሚያገኘው በበርበሬና በድርቆሽ መሀል ታፍኖ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለስብሰባ ስወጣ የማላውቀው ሰው እናት ቅቤ አስያዘችኝ። አደራ ነው፣ እምቢ አይባልም። ቅቤው መንገድ ላይ ቀለጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ስብሰባ የተቀመጥኩት ያለኝን አንድ ኮት ለብሼ፣ እንደ ዶሮ ወጥ እየሸተትኩ ነው። ልጅየው መጥቶ ሲቀበለኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ትንሽ ጎድሏል።»

ብቻ አክስቴን ላስረዳት ሞከርኩ። ይኼ ውሻ እንደ ሰው ትኬት ቆርጦ አይሄድም አልኳት። መጀመሪያ የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክሮቺፕ ቆዳው ሥር በመርፌ ትገባለች። ውስጧ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ እንዳልተወጋ ይቆጠራል። ቡቺ በየዓመቱ ሲከተብ ኖሮ ቺፕ ስላልነበረው እንደገና ከዜሮ ጀመረ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደንቡን አጥብቀዋል። በሽታው በብዛት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ደግሞ እኛም አለንበት። ስለዚህ ክትባቱ መያዙ እንዲታይ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ይቀዳል፣ ሴረሙ፣ ማለትም ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ፣ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ይላካል። ደሙ ከተቀዳ በኋላም ቢያንስ 28 ቀን መጠበቅ አለ። ይኼ የደም ውጤት የሌለው ውሻ እዚያ ሲደርስ 28 ቀን በባለቤቱ ወጪ ተለይቶ ይቀመጣል። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ፊርማና ማኅተም አለ። የውሻው ፎቶ አለ። ፎቶ ቤቱ ልጅ ቡቺን ቀና በል ሲለው ነበር።

አክስቴ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

«እና ደሙ ቀድሞት ውጭ ሄዷል?»

«አዎ።»

«በማን እጅ ላካችሁት? ምነው ሳትነግሩኝ!»

ክትባት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር አለ፣ ሳልናገረው አላልፍም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የጎረቤት ውሻ ነከሰኝ። ባለቤቱ ጋሼ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ በራቸው ላይ ቆመው «የኔ ውሻ አይናከስም፣ ልጁ ጅራቱን ስቦት ነው» አሉ። አልሳብኩም። እዚህ በጽሑፍ ይስፈርልኝ፤ አልሳብኩም። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ልጅ ካስከተበ በኋላ ዓለም ብዙ ርቆ ሄዷል። ለኛ የደረሰን ግን ያ ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጀው የድሮው መርፌ ነበር። በሰውዬው ስም በሚጠራው ሠፈር፣ ፓስተር፣ 14 ቀን በተከታታይ፣ ሆድ ላይ። እናቴ እጄን ይዛ ስትመላለስ ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው ያዩናል። አንድ ብርቱካን እንኳን ይዘው አልመጡም። በ15ኛው ቀን ውሻቸውን አስከተቡ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ይኼን ተረት በጣም ነው የምወደው። ግን ውሻው ላይ ግፍ አለበት። ልጅ ሳለን ሠፈራችን ጅብ ማታ ማታ ከእንጦጦ ይወርድ ነበር። ጅብ ፊት የጮኸ ውሻ ጠዋት ማሰሪያው ብቻ ነው የሚገኘው። ኋላ የጮኸው በሕይወት አለ፣ ቢያንስ ለነገው ያስጠነቅቃል። ይኼን ተረት የተረተው ሰውስ ያን ጊዜ የት ነበር? ብርድ ልብሱ ውስጥ። እሱ ጭራሽ አልጮኸም።

እኚህ ጋሼ ባለፈው እሁድ ከዘራቸውን ይዘው ግቢያችን መጡ። ሣጥኑን ዞረው ዞረው አዩት። «አረቄ አጠጡት፣ ተኝቶ ይደርሳል» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የደነዘዘ ውሻ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይከብደዋል፣ ሣጥኑ ሲናጥ ራሱን መደገፍ ያቅተዋል። እዚያ ጭነት ክፍል ውስጥ አይቶ የሚደርስለት ሰው የለም። አየር መንገዶች በመድኃኒት የተኛ ውሻ አንቀበልም የሚሉት ለክፋት አይደለም። ይኼን የሚመክረን ደግሞ ውሻውን ዕድሜ ልኩን በአንድ ሜትር ሰንሰለት አስሮ «እወደዋለሁ» ሲል የኖረ ሰውዬ ነው። እንደ ታሰረ ሞተ። እሱንም ልጁ ጅራቱን ስቦት ይሆናል።

ተናድጄ ከመንገዴ ወጣሁ። ሣጥኑ ጋ ነበርን።

ሣጥኑ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው ሳሎን የገባው። ውሻው ጆሮው ጣራ ሳይነካ መቆም፣ ዞሮ መተኛት፣ መዘርጋት አለበት። የውሃ ሳህኑ በሩ ላይ ይታሠራል፣ ሳይከፈት ከውጭ እንዲሞላ። ከዋናው ሥራ ትኬቱም ማኅተሙም ይቀላል። ዋናው ሥራ ውሻው ሣጥኑን ቤቴ ነው እንዲል ማድረግ ነው። በሩን ከፍተን ተውነው። እህቴ የለበሰችውን አሮጌ ጋቢ አነጠፈችለት፣ ጠረኗን እንዲያውቅ። ምሳውን እዚያ ውስጥ አስቀመጥንለት። ቡቺ የፊት እግሮቹን ያስገባል፣ የኋላዎቹ ሳሎን ይቀራሉ። ግማሹ ቨርጂኒያ፣ ግማሹ አዲስ አበባ። ከዚያ ያስነጥሳል። ከዚያ ወደ ኋላው ይወጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይኼው ነው። እህቴ «ጨለማው አስፈርቶት ነው» ብላ አልቅሳለች። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ጭንቅላቴን አስገብቼ «ና ቡቺ፣ ምንም የለም» እለዋለሁ። እኔም አስነጥሳለሁ። አቧራ መስሎኝ።

ዛሬ ከአክስቴ ስልክ በኋላ ጠረጠርኩ። ጋቢውን ገለጥኩት። ከሥሩ በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ሚጥሚጣ። ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ የሜሪላንድ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል።

መልሼ ደወልኩ። አክስቴ ተቆጣች።

«እኔ ሽሮ አልኩ እንጂ ሚጥሚጣ መቼ ወጣኝ?»

እውነቷን ነው። ሽሮው ገና አልመጣም።