የስትሮብ ላይት ነገር አንጀቴን አሳርሮታል

ዛሬ ዝም ማለት አቃተኝ። ዝግጅት የምትቀርጹ ሁሉ ይህ ብሶት የእናንተም ነው። መድረክ ላይ ስትሮብ ላይት፣ ያ በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት፣ በበራ ቁጥር ልፋታችን ገደል ይገባል።

በዓይን ሲያዩት ግሩም ነው። ጨፋሪው በየብልጭታው አየር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ቪዲዮውን ስትከፍቱት ግን ያ ሁሉ የለም። የአንዱ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ምስሎች የአንዱ) ላይኛው ግማሽ ነጭ፣ ታችኛው ድቅድቅ ጨለማ። ሌላው ላይ መሃሉን አቋርጦ የሚያልፍ የብርሃን ቀበቶ። አንዳንዱ ብልጭታ ጭራሽ አልተያዘም። ከዚያ ያሠራችሁ ሰው ይመጣና "ካሜራህ ተበላሽቷል እንዴ?" ይላል። አልተበላሸም! ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

የአብዛኞቹ ስልኮችና የቪዲዮ ካሜራዎች ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ምስሉን ባንዴ አያነሳም። መጽሐፍ እንደሚነበብ ከላይኛው መስመር ጀምሮ ተራ በተራ ወደ ታች ይወርዳል። ሮሊንግ ሻተር የሚሉት ይህንን ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ገደማ ነው። ከላይ እስከ ታች ለመድረስ 20 ሚሊሰከንድ ፈጀበት እንበል። የስትሮብ ብልጭታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊሰከንድ አይዘልም፤ ከ1 ሚሊሰከንድ የሚያንስም ሞልቷል። ታዲያ ብርሃኑ ቦግ ሲል ብልጭታውን የሚያገኙት በዚያች ቅጽበት ክፍት የሆኑት መስመሮች ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ወይ ገና አልተከፈቱም፣ ወይ ተዘግተዋል።

"ሻተሩን አፍጥነው" ብለው የሚመክሩ ሰዎችማ ደሜን ያፈሉታል። ሻተር ማለት እያንዳንዱ መስመር ለብርሃን ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ነው፤ 1/1000 ሰከንድ ላይ ስታደርጉት ቀበቶው ይብሱን ይቀጥናል! የሚሻለው ተቃራኒው ነው። በ30 ፍሬም የምትቀርጹ ከሆነ ካሜራው ከፈቀደላችሁ ሻተሩን 1/30 ላይ አድርጉት። ያኔ ብልጭታ አያመልጥም። ግን ብዙ ጊዜ ለሁለት ተከታታይ ፍሬሞች ይከፈላል፤ ፊተኛው ታችኛውን ክፍል፣ ኋለኛው ላይኛውን ይይዛል። ኤዲት ላይ ሁለቱን ደርቦ ሙሉውን ማውጣት ይቻላል። የአንድ ሙሉ ዝግጅት ብልጭታ ግን አንድ በአንድ እየለቀመ የሚደርብ ማን ነው? ዓይን ይጠፋል እኮ!

መከራው በዚህም አያበቃም። አውቶ ኤክስፖዠር (ካሜራው የምስሉን ድምቀት ራሱ የሚያስተካክልበት) በርቶ ከሆነ ካሜራው ብልጭታውን እያሳደደ አንዴ ያጨልማል፣ አንዴ ያነጣል። ኢንተርኔት ላይ ስትጭኑት ደግሞ ኮምፕረሽኑ (ፋይሉን ማሳነሱ) ቀሪውን ያበላሸዋል። ኮምፕረሽን የሚሠራው አንዱ ፍሬም ከሌላው ጋር ባለው መመሳሰል ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ፍሬም ከቀደመው አይገናኝም። ስለዚህ ምስሉ ኩብ ኩብ ይሆናል።

ድሮ ሲሲዲ በሚባል የሴንሰር ዓይነት ይሠሩ የነበሩ ብዙ የቪዲዮ ካሜራዎች ሙሉውን ፍሬም ባንዴ ነበር የሚያነሱት። ብልጭታው ቢያመልጣቸው እንኳ ፊትን ለሁለት አይቆርጡም። ሲሞስ የሚባለው ሌላው የሴንሰር ዓይነት ረክሶና ኤሌክትሪክ ቆጥቦ ሲመጣ ያ ቀረ። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሁሉም መስመሮች ባንዴ የሚከፈቱበት ግሎባል ሻተር ይባላል። ሶኒ ፉል ፍሬም የሚባለውን ትልቅ ሴንሰር የያዘ ግሎባል ሻተር ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2023 አስተዋውቋል። ዋጋው ግን ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም።

እሺ፣ ውድ ነው እንበል። ቢያንስ እውነቱን ንገሩን! ካርቶኑ ላይ 4ኬ፣ 8ኬ፣ ይህን ያህል ሜጋፒክስል ብላችሁ በትልቁ ትጽፋላችሁ። ሴንሰሩ አንድ ፍሬም አንብቦ ለመጨረስ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅበት ግን የትም የለም። ለእኔ ከሜጋፒክስሉ የሚበልጠው ያ ቁጥር ነው። አሁን ሰው ገዝቶ፣ ለክቶ ነው የሚያውቀው።

መብራት የምትሠሩ ወዳጆችም እባካችሁ። ስትሮባችሁ የብልጭታውን ርዝመት የሚያስተካክል ከሆነ፣ ዝግጅቱ በሚቀረጽበት ጊዜ ትንሽ አርዝሙልን። ጨፋሪው አየር ላይ የቆመ መምሰሉ በመጠኑ ይቀንስ ይሆናል። ቀበቶው ግን ይሰፋል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል፣ እኛም ሰው የሚያየው ነገር ይዘን እንገባለን።