ክርክር፦ እጅ ለእጅ ሲያያዙ የሚናገረው ጉቶ

ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ሠዓሊና ገጣሚ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ሁለት የመዳብ ሽቦ ገጥማለች። ሁለት ሰዎች አንዳንድ ሽቦ ይዘው እጅ ለእጅ ሲያያዙ ግጥሟ ከድምፅ ማጉያ ይሰማል። ሳይንስና ጥበብ እዚህ ተገናኝተዋል? አንዲት ሌላ ገጣሚና አንድ የፊዚክስ መምህር አልተስማሙም።

ገጣሚዋ፦ ተገናኝተዋል እንጂ! በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ያስቀረው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ እንጦጦን ያለ እሱ የሚያስባት ማን ነው? ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ግጥሙም የሚያወራው ስለዚህ እንግዳ ዛፍ ነው፤ ለመስማት ደግሞ የማላውቀውን ሰው እጅ መያዝ አለብኝ። እኔን የያዙኝ ሽማግሌ ግጥሙ ካለቀም በኋላ አልለቀቁኝም።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ሽማግሌውን ተያቸውና ሽቦውን እንይ። ላብ ያለው ቆዳ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የደረቀና የወፈረ ቆዳ ግን ይከለክላል። እኔ በሄድኩ ቀን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ሸክማቸውን አጥር አስደግፈው ገቡ። እጃቸውን ያዝኩ፤ መዳፋቸው ቅርፊት ነው። ጉቶው ጭጭ። ከኋላችን የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ሲይዙት ወዲያው ለፈለፈ። እንግዲህ የለካው ፍቅርን ነው ላብን? ዕድሜያቸውን በዚህ ዛፍ የኖሩት እሳቸው፣ ዛፉ የዘጋቸውም እሳቸው!

ገጣሚዋ፦ ይሄን አላየሁም ነበር። ግን መምህር፣ ክፍል ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስተምሩ የእንጨት ተሸካሚ መዳፍ ትዝ ብሎዎት ያውቃል?

መምህሩ፦ አያውቅም። ሠዓሊዋም ግን አስባበት አይደለም። ሠዓሊውን ኤልያስ ስሜን ተመልከቺ፤ የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦ ሲጠላልፍ ዕቃው ከየት እንደመጣ ጠንቅቆ ያውቃል። ሳያውቁ የተገኘን ነገር በጥበብ ስም ማለፍ ይከብደኛል።

ገጣሚዋ፦ ታዲያ አይነግሯትም ነበር?

መምህሩ፦ ነገርኳት እንጂ። በጣሳ ውኃ አመጣች። ጨው ጨምሪበት አልኳት፤ ጨመረች። የእናትየዋን መዳፍ ራሷ አረጠበችላቸው፤ እንደገና ተያያዝን።

ገጣሚዋ፦ እና?

መምህሩ፦ ተናገረ። ሴትየዋ ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አልሰሙትም። ሳይመሽ ሽሮ ሜዳ መድረስ ነበረባቸው። ሸክሙን ያሸከምኳቸው እኔ ነኝ።