ዝናብ ጠብቃችሁ ጉድጓድ ለምትለቁ ወገኖቼ

የጎንደር ሰዎች፣ ይህ ነገር ይብቃን። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲጠና የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ከፍቶ ወደ ቦይ የሚለቅ አባወራ በየሰፈሩ አለ። ጎረቤት ያያል፣ ይሸተዋል፣ ዝም ይላል፤ ነገ የራሱ ሲሞላ እሱም ያንኑ ያደርጋልና። ከተማችን ተዳፋት ላይ ናት። ከላይ የተለቀቀው በታችኛው ሰፈር ደጃፍ፣ ልጆች በሚጫወቱበት፣ አልፎ ቀሃና አንገረብ ወንዞች ይገባል፤ ከዚያ መገጭ ወንዝ፣ ከመገጭ ጣና ሐይቅ። በወንዝ ዳር ጎመን በዚያው ውሃ ይለማል፤ ጎመኑን ገዝተን የምንበላው እኛው ነን። አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲነሳ ደግሞ «ከየት መጣብን?» እንላለን።

የሚያንገበግበኝ ይህ በጎንደር መሆኑ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጁ እዚህ ተከፍቶ ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጋር የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለአገሩ ሁሉ አሠለጠነ። ሌላውን ስለ ንጽሕና ያስተማርን ሰዎች ነን።

«ማዘጋጃ ቤቱ ምን ሠራ?» ትላላችሁ። ይጠየቅ፣ ልክ ነው። ግን በየስብሰባው የመንግሥትና የግል አጋርነት ሲባል፣ የግሉ ወገን ማለት እኮ ጋሪ እየገፉ ቆሻሻ የሚያነሱት የማኅበር ልጆችና የመምጠጫ መኪና ባለቤቱ ናቸው። እነሱ የሚኖሩት እኛ በምንከፍለው ነው። ለሞባይል ካርድ የማንሰስተውን ብር ለእነዚያ ልጆች ስንሰጥ ደጅ እናስጠናለን፤ «ነገ ተመለሱ» እንላለን። ማኅበሩ ሲፈርስ ቆሻሻው ማታ ማታ ወደ ገደል ይወርዳል።

ጉድጓዱን ደግሞ በራሳችን እጅ እናበላሸዋለን። በአግባቡ በተያዘ ደረቅ ጉድጓድ ከአንድ ሰው በዓመት የሚጠራቀመው ዝቃጭ 40 ሊትር ገደማ ነው። 30 ሰው የሚጋራው 3 ሜትር ኩብ ጉድጓድ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል ማለት ነው። ጨርቅ፣ ፌስታል፣ ጠርሙስና ዳይፐር ሲጨመርበት ግን ቶሎ ይሞላል፤ የመኪናውን ቱቦም ይደፍናል። ባለመኪናው ቢያስወድድ ወይም «አልመጥም» ቢል ምን ይፈረድበታል?

በቀበሌ ቤት አንድ ሽንት ቤት የምትጋሩ እናቶችና አባቶች፣ ማስመጠጫው በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ታዲያ እቁብ መጣል ማን ያስተምረናል? በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብታስቀምጡ ጉድጓዱ ሲሞላ ገንዘቡ በእጃችሁ ነው። መኪና የሚያስገባውን መንገድ በአጥር የዘጋችሁም አጥራችሁን ወደ ኋላ መልሱ።

ባለመኪኖች፣ ከፍሎ ያስመጠጠውን ሰው አደራ በሌሊት ወንዝ ዳር አትድፉት። ከተማ አስተዳደሩም የማራገፊያ ቦታ ሳይሰጥና ሳይቆጣጠር ቅጣት ብቻ አያውጅ። በአዲስ አበባ እንደተደረገው የጽዳት ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ቢሰበሰብ፣ ማኅበራቱም ባነሱት ልክ ቢከፈላቸው፣ ልጆቹ በየበሩ ከመለመን ይድኑ ነበር። ጠባብ መተላለፊያ ላላቸው አሮጌ ሰፈሮችም አነስ ያለ መምጠጫ ያስፈልጋል፤ ያን ለሚያመጣ ወጣት ብድርና ውል ይመቻችለት።

ክረምት ሳይገባ፣ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ። የማን ጉድጓድ ሞልቷል፣ የማን ወደ ቦይ ተከፍቷል፣ ማን መክፈል አቅቶታል ተብሎ በግልጽ ይነገር፤ ላቃተው ጎረቤት ይዋጣ፣ አቅም እያለው የሚለቀው ደግሞ በእድሩ ይቀጣ።