የ22 በመቶው ሂሳብ፦ አክቹዋሪነት በሜሪላንድ

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወዳጄ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ ሊንክ ላከልኝ። በሜሪላንድ አክቹዋሪ፣ ማለትም ለኢንሹራንስና ለጡረታ የአደጋንና የሞትን ዕድል የሚያሰላ ባለሙያ፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ ሥራውም ወደፊት እንዴት እንደሚያድግ የሚያወራ ነው። ከሥሩ «ልጄ ይሄን ልማር አለችኝ። ምንድነው ሥራው? እውነት ይሄን ያህል ይከፈላል?» ብሎ ጽፏል። በስልክ ጀምሬለት ነበር፤ ወሬው ስለረዘመ እዚህ ልጨርሰው።

አክቹዋሪን ለሐበሻ ለማስረዳት ከዕድር የተሻለ ነገር የለም። በየወሩ እናዋጣለን፣ ሐዘን ሲደርስ ለቤተሰቡ ይከፈላል። መዋጮው ስንት ይሁን የሚለውን ግን አብዛኛው ዕድር የሚወስነው በግምትና በይሉኝታ ነው። ሲመሠረት የ35 ዓመት ጎልማሳ የነበረው አባል አሁን 60ን አልፏል። አስከሬን አገር ቤት የመላኩም ወጪ እንደ ድሮው አይደለም። ካዝናው በዚህ አያያዝ ስንት ዓመት ይዘልቃል ብሎ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ቢኖረን እሱ አክቹዋሪያችን ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት የአባላቱን ዕድሜ በሠንጠረዥ ደርድሮ ስብሰባ ላይ አመጣ። አንድ አባት «ማን መቼ እንደሚሞት ልትነግረን ነው?» ብለው ተቆጡት፤ ልጁም ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ። ማን እንደሚሞት አክቹዋሪም አያውቅም። ከመቶ ሰው ስንቱ የሚለውን ነው የሚያሰላው።

ለዚህ ሥራ ሜሪላንድ መጥፎ ቦታ አይደለችም። ከባልቲሞር ወጣ ብላ ያለችው ዉድላውን የሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግሥቱ ጡረታ፣ ዋና መሥሪያ ቤት አለባት። የመንግሥት የጤና መድን የሆኑትን ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን የሚያስተዳድረውም መሥሪያ ቤት ጎረቤቱ ነው። ሁለቱም የራሳቸው የአክቹዋሪ ቢሮ አላቸው። «የጡረታው ቋት በ2033 ይሟጠጣል፣ ከዚያ በኋላ ክፍያው ወደ ሩብ የሚጠጋ ይቀነሳል» የሚለውን የ2025 ዜና ሰምታችኋል። ሕግ ካልተቀየረ ነው እንጂ ትንቢት አይደለም፤ ሂሳቡ የተሠራው እዚያው ዉድላውን ነው። በግሉ በኩል ደግሞ ብዙዎቻችን የመኪና ኢንሹራንስ የምንከፍለው ጋይኮ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ የጤና ኢንሹራንሱ ኬርፈርስት ባልቲሞር አሉ።

ወደ ደሞዙ እንምጣ። የአሜሪካ የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ ለግንቦት 2024 ያወጣው የአገር አቀፍ መካከለኛ ደሞዝ ወደ 126 ሺህ ዶላር ነው። ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። ችግሩ ይህ ቁጥር የ22 ዓመት ጀማሪና 20 ዓመት የሠራ ሰው አብረው የተቆጠሩበት መሆኑ ነው። ልጅቷ ስትመረቅ የምታየው ደሞዝ ከዚያ በደንብ ያነሰ ይሆናል። ወላጅ ይህን ቁጥር ይዞ ሰርግ ላይ ከማውራቱ በፊት ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ዕድገቱ ነው። ቢሮው እስከ 2034 ባሉት አሥር ዓመታት የአክቹዋሪ ሥራ 22 በመቶ ያድጋል ይላል። ሲሰሙት ያስደነግጣል። የነርሶች 5 በመቶ ነው። እንግዲህ ነርስነት ይቅር ልንል ነው? ረጋ እንበል። በመላው አሜሪካ ያሉት አክቹዋሪዎች ከ30 ሺህ ብዙም አይርቁም። ነርሶች ከሦስት ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስለዚህ በየዓመቱ የሚከፈተው የአክቹዋሪ ቦታ በመላ አገሪቱ 2,400 ገደማ ሲሆን የነርስ ወደ 190 ሺህ ይደርሳል። የትንሽ ነገር 22 በመቶ ትንሽ ነው። ስለ ጥሩ ደሞዙ የሰማውም ልጅ ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያዋን ቦታ ማግኘት ነው ፈተናው።

ፈተና ካልኩ አይቀር ትክክለኛው ፈተና ሌላ ነው። ዲግሪ ብቻውን አክቹዋሪ አያደርግም። ፈተናውን የሚሰጠው የሙያ ማኅበር፣ ሶሳይቲ ኦፍ አክቹዋሪስ፣ መንገዱ በፈተና ፒ፣ በፕሮባቢሊቲ፣ ይጀምራል፤ 30 ጥያቄ በሦስት ሰዓት። የሙያው ሰዎች ለአንድ የፈተና ሰዓት 100 ሰዓት አጥና ይላሉ። ያም ሆኖ የሚያልፈው ከተፈታኙ ግማሽ ገደማ ነው። ከዚያ ኤፍ ኤም የሚሉት የፋይናንስ ሂሳብ አለ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። መጨረሻው ላይ ለመድረስ ብዙዎች ሥራ እየሠሩ ሰባትና ስምንት ዓመት ይወስድባቸዋል። ጓደኞቿ ቅዳሜ ማታ ሲወጡ እሷ ቤት ናት። አብዛኛው ቀጣሪ የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል፣ የማጥኛ ሰዓት ይሰጣል፣ ባለፉ ቁጥርም ደሞዝ ይጨምራል። ከየትኛው ስቴት ነህ ከሚለው ይልቅ ደሞዙን የሚያንቀሳቅሰው ስንት ፈተና አለፍክ የሚለው ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ፈተና ፒን ለመውሰድ ዲግሪ አይጠየቅም። ማንም ከፍሎ መቀመጥ ይችላል። አገር ቤት በሒሳብ ወይም በስታትስቲክስ ተመርቀው በዲቪ መጥተው እዚህ ኡበር የሚነዱ ልጆች አውቃለሁ። «ዲግሪዬ እዚህ አይሠራም» ይላሉ። በዚህ ሙያ ግን መጀመሪያ የሚታየው የፈተና ውጤትህ ነው፤ ካልኩለሱንና ፕሮባቢሊቲውን ደግሞ ተምረውታል። እንግሊዝኛውና ኢንተርቪዩው ይቀራል፤ ቀላል ነው አልልም።

የፌዴራሉ ሥራ ለእነሱ ቶሎ አይከፈትም፤ በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል። ደግሞ በ2025 ሶሻል ሴኩሪቲ ሠራተኞቹን ከ57 ሺህ ወደ 50 ሺህ እቀንሳለሁ ብሏል። «የመንግሥት ሥራ አስተማማኝ ነው» የሚለውን የአባቶቻችንን አባባል ዉድላውን ላይ ሆኖ መድገም ከባድ ሆኗል።

ለወዳጄ ያልኩት ይህን ነው። ታውሰን ዩኒቨርሲቲና ሞርጋን ስቴት ትምህርቱን ይሰጣሉ፤ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ከ1992 ጀምሮ ያለ ዓለም አቀፍ የጥቁር አክቹዋሪዎች ማኅበርም አለ፤ ስኮላርሺፕ ስለሚሰጥ ትጠይቅ። ግን ሜጀር ከመምረጧ በፊት በዚህ ክረምት ለፈተና ፒ ታጥና። ካልወደደችው የከሰረችው 300 ሰዓት ነው፤ አራት ዓመት አይደለም። ከወደደችው ደግሞ ሁለት ፈተና አልፋ ሦስተኛ ዓመቷ ላይ ኢንተርንሺፕ ትፈልጋለች። ካልኩሌተር ግን ቸኩለህ እንዳትገዛላት፤ ፈተናው ላይ የሚፈቀዱት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ጥቂት ሞዴሎች ብቻ ናቸው።