ሃንድረድን ማን ፈጠረው?

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አብዛኛው ሻየር (አውራጃ) በሃንድረዶች፣ ማለትም «በመቶዎች» ይከፈል ነበር። የራሱ ሸንጎ ያለው ይህ ክፍል የንጉሥ ሥራ ነው ወይስ የባላገሩ?

የንጉሥ ነው ባይ፦ ቁጥሩ ይመስክር። መሬት ለግብር የሚተመነው በሃይድ ነበር፤ አንድ ሃይድ አንድ ቤተሰብ ያኖራል ተብሎ የታሰበ ይዞታ ነው። ዉስተርሻየር 12 ሃንድረድና 1,200 ሃይድ ያህል፣ ስታፎርድሻየር 5 ሃንድረድና 500 ሃይድ ያህል ነበራቸው። በዘልማድ ያደገ ነገር እንዲህ አይገጥምም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የወጣውን ደንብም ይመልከቱ፦ ሸንጎው በየ4 ሳምንቱ ይቀመጣል፤ ፍርዱን እንቢ ያለ መጀመሪያ 30 ፔኒ፣ ሲደግም 60፣ ሲሠልስ 120 ይከፍላል፤ በአራተኛው ንብረቱ ተወርሶ ከሕግ ጥበቃ ይወጣል።

የባላገሩ ነው ባይ፦ ያ ደንብ ሸንጎው እንዴት እንደሚካሄድ ይናገራል እንጂ «ይቋቋም» አይልም። ስሌትዎም ኬንት የሚባለው ሻየር ሲደርስ ይፈርሳል። በ1086ቱ የዶምስደይ መዝገብ፣ ማለትም በንጉሡ የመሬትና የግብር ቆጠራ፣ ኬንት ከ60 በላይ ሃንድረዶች አሏት፤ ብዙዎቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ግብሯም የሚቆጠረው በሃይድ ሳይሆን በራሷ የመሬት መለኪያ በሱሉንግ ነው። በሱሉንግ የሚቆጥር አገር ከመቶ ሃይድ ጋር ምን አገናኘው? መሰብሰቢያውስ ቢሆን ጉብታ፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ የዛፍ ሥር እንጂ መች ቤተ መንግሥት ሆነ?

የንጉሥ ነው ባይ፦ ስለ ኬንት ልክ ነዎት፤ ቀድሞ ራሷን የቻለች መንግሥት ስለነበረች የቆየ ክፍፍል ወርሳለች። ሥራውን ግን ይዩ። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ፣ ሰው ተገድሎ ሲገኝ፣ ሟቹ የእነሱ ወገን ሳይሆን እንግሊዛዊ መሆኑ ካልተረጋገጠና ገዳዩ ካልተያዘ መቀጫው በሃንድረዱ ላይ ይወድቃል። በ1285ቱ የዊንቸስተር ሕግ ደግሞ ዘራፊዎችን በ40 ቀን ውስጥ ያላቀረበ አካባቢ ለተዘረፈው ይክሳል።

የባላገሩ ነው ባይ፦ ተጠቀመበት ማለት ወለደው ማለት አይደለም። ደግሞስ መች ሙሉ በሙሉ በእጁ ሆነ? እርስዎ ከጠቀሷቸው 12 የዉስተርሻየር ሃንድረዶች 7ቱ ከሸሪፉ፣ ማለትም ከንጉሡ የሻየር ሹም፣ ነጻ ነበሩ፤ ምንም ስለማያገኝባቸው ብዙ እንደሚጎዳ ማማረሩን ራሱ ዶምስደይ ጽፎታል።

የንጉሥ ነው ባይ፦ ነጻ ያወጣቸው የንጉሥ ስጦታ ነዋ! ኤድዋርድ 1ኛ በ1274 መርማሪዎች ልኮ ሃንድረድ የያዘ ሁሉ በምን መብት እንደያዘ ያስጠየቀው ባለቤቱ እኔ ነኝ ብሎ ነው።

የባላገሩ ነው ባይ፦ ጠየቀ፤ ብዙዎቹ ግን የሚያሳዩት የንጉሥ የስጦታ ደብዳቤ አልነበራቸውም። በ1290 ከ1189 በፊት ጀምሮ ሳይቋረጥ መያዙን ላስመሰከረ ሁሉ ያለ ደብዳቤ አጸደቀለት።