ሊንድሮስን የጣለው ትከሻው ነው ወይስ ሕጉ?

የዚህ ክርክር ጥፋተኛ አንድ ስልክ ነው። ባለፈው እሁድ ደሴ፣ ከጦሳ ሥር ባለ ግቢ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ ካናዳ የሚኖር የቤቱ ልጅ ቪዲዮ ላከ። የበረዶ ሆኪ ነው። አንድ ግዙፍ አጥቂ አንገቱን ደፍቶ ኳሷን እየገፋ ወደ መሀል ይገባል። ኳስ እንኳ አይደለችም፣ ጠፍጣፋ ጎማ ናት፤ ፐክ ይሏታል። አንድ ተከላካይ በትከሻው መጥቶ ገጨው። ሰውየው በረዶው ላይ ተዘረረ።

ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ። ጡረታ የወጡት የስፖርት መምህር «ንጹህ ነው» አሉ። የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ «ምኑ ነው ንጹሁ?» አለች። በረካው ተጠጥቶ፣ ረከቦቱ ተነስቶም አልተስማሙም። በቃ ጽፋችሁ ጨርሱት አልናቸው።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ገጪው የኒው ጀርሲ ዴቭልሱ ስኮት ስቲቨንስ ነው። ተገጪው የፊላደልፊያ ፍላየርሱ ኤሪክ ሊንድሮስ። ቀኑ ሜይ 26 ቀን 2000፣ በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ በሚገናኙበት የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ፣ ሰባተኛው ጨዋታ። ለግጭቱ ቅጣት አልተሰጠም። ኒው ጀርሲ 2 ለ 1 አሸንፎ አለፈ፣ ዋንጫውንም በላ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ

ልጄ፣ ከመጣላታችን በፊት ቃሉን እናስተካክል። ቦዲ ቼክ፣ ይሄ በገላ መግጨቱ ማለት ነው፣ ድብድብ አይደለም። ሰውን ከፐኩ መለያ መንገድ ነው። ሜዳው ርዝመቱ 61 ሜትር፣ ስፋቱ 26 ሜትር ነው። ከእግር ኳስ ሜዳ ጋር ስታስተያዪው ጓሮ በይው። እዚያ ላይ አሥር ሰው በጫማ ስለት ይበራል፣ ፈጣኑ በሰዓት እስከ 40 ኪሎ ሜትር። የእኛ በረዶ ከሰማይ ወርዶ ባቄላ ያረግፋል እንጂ እንዲህ ዓይነት ነገር አያውቅም። በዚህ ፍጥነት የሚመጣን ሰው እንደ እግር ኳስ እግር ዘርግተሽ ልታቆሚው አትችዪም። በገላ ትዘጊበታለሽ።

ለዚህ ሕግ አለው። ፐኩን የያዘውን ወይም አሁን የለቀቀውን ብቻ ትገጫለሽ። በትከሻ፣ በደረት፣ በዳሌ። ክርንሽን ካነሳሽ ጥፋት ነው። ከሩቅ ተንደርድረሽ ወይም ዘለሽ ከመጣሽ ጥፋት ነው። ፊቱን ሜዳውን ወደከበበው አጥር ያዞረን ሰው ከኋላ ከገፋሽ ጥፋት ነው፣ ያውም ከባዱ። ፐክ ያልያዘ ሰው ከነካሽም ጥፋት ነው። ሁለት ደቂቃ ትወጫለሽ፣ ሲብስ አምስት፣ ሲብስ ደግሞ ጨዋታው ለአንቺ ያበቃል። ቡድንሽም በጎደሎ ይጫወታል።

አሁን ቪዲዮውን ቀስ አድርገሽ እዪው። ስቲቨንስ ክርኑን ሰብስቧል። ከኋላ አልመጣም። ሊንድሮስ ፐኩ እግሩ ሥር ነው። ደግሞ ሊንድሮስን ምስኪን አናድርገው። ቁመቱ 193 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ። እሱ ራሱ ስንቱን ሲገጭ የኖረ ነው። የሆኪ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ደግሞ «አንገትህን አትድፋ» የሚለውን ነው። ደፋ።

እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። ገና የተጫወትኩት ከወይራ ሥር በተጠረበች ሩር ነው። ቅልጥሜ ላይ እስካሁን ምልክቷ አለ፤ ሲበርደኝ ታሳክከኛለች። የመታኝ የአጎቴ ልጅ ነው። እናቴ ልትቆጣ ስትነሳ አባቴ ምን አላት? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።» ሜዳ የገባ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ነርሷ

ጋሼ፣ ጌታው አይቆጣም ተባለ እንጂ አይፈነከትም አልተባለም።

ስለ ሆኪ እርስዎን አላስተምርም። እስካለፈው እሁድ ፐክና ፓስታ አልለይም ነበር። ጭንቅላት ግን አውቃለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ይዘው መጡ። ከሞተር ወድቆ ነው። ደም የለም፣ ስብራት የለም። አልጋው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። «ሞተሯስ?» አለኝ። ወንድምህ ወስዷታል አልኩት። ጓንቴን ሳልቀይር «ሞተሯስ?» አለኝ። አራት ጊዜ ጠየቀኝ። አራቱንም ጊዜ እንደ አዲስ ደነገጠ። አራተኛው ላይ እናቱ ማልቀስ ጀመረች። ውጭውን ብታዩት ምንም አልሆነም።

ሐኪሞች ኮንከሽን ይሉታል፣ የአንጎል መናወጥ ነው። ሄልሜት የራስ ቅልን ከመሰንጠቅ ያድናል። ውስጥ ያለውን ግን መያዝ አይችልም። ጀበና ሲወዘወዝ አስቡት። ሸክላው ደህና ነው፣ አተላው ግን ተገለባብጧል። እስኪጠል ካልጠበቁ ቡናው አይቀዳም።

ሊንድሮስ አልጠለለም ነበር። ቪዲዮውን የላከውን ልጅ ጠይቄዋለሁ። በኮንከሽን ለሳምንታት ከሜዳ ርቆ ቆይቶ የተመለሰው በስድስተኛው ጨዋታ ነው። ስቲቨንስ ያገኘው በሰባተኛው። ታናሽ ወንድሙ ብሬት ደግሞ በዚሁ በጭንቅላት ጉዳት ገና በ20 ዓመቱ ሆኪ ያቆመ ልጅ ነው። ሊንድሮስ የሚቀጥለውን የውድድር ዘመን በሙሉ አልተጫወተም።

እርስዎ የዘረዘሩትን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ክርኑ ተሰብስቧል፤ እውነት ነው። ከኋላ አልመጣም፤ እውነት ነው። ትከሻው ያረፈው ግን የት ነው? መንጋጋው ላይ። ጋሼ፣ ዝርዝርዎ ክርን፣ ዝላይ፣ ርቀት ይላል። ሁሉም ስለ ገጪው ገላ ነው። ስለ ተገጪው ጭንቅላት አንድ መስመር የለውም። የ2000ው የሊጉ ሕግም እንደዚያው ነበር። ወላሂ፣ ንጹህ የተባለው ሕጉ እዚያ ቦታ ላይ ዓይን ስላልነበረው ነው።

መምህሩ

አንድ ማረሚያ። ሊንድሮስ ያንን ዘመን ያልተጫወተው በጉዳት ብቻ አይደለም። ከክለቡ ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ሽጡኝ ብሎ ነው የተቀመጠው። በ2001 ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ገብቶ ተጫውቷል። ሁሉንም ስቲቨንስ ላይ አትጫኚበት።

ቆሻሻ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። በፌብሩወሪ 2004 የኮሎራዶው ስቲቭ ሙር የቫንኩቨሩን አምበል ማርከስ ናስሉንድን ገጨው። ቅጣት አልተሰጠም። በማርች 8 ቡድኖቹ ሲገናኙ የቫንኩቨሩ ቶድ በርቱዚ ሙርን ከኋላው ተከተለው። ተጣላኝ አለው፣ ሙር ዝም አለ። ማሊያውን ይዞ ከኋላ በቡጢ መታው፣ በላዩም ወደቀበት። የሙር ሦስት የአንገት አጥንቶች ተሰበሩ። ሁለተኛ በሊጉ አልተጫወተም። ይሄ ቂም ነው፣ ደም መመለስ ነው። ይሄንንና የስቲቨንስን ትከሻ አንድ ስም ከሰጠናቸው ቋንቋችን ዋጋ የለውም።

ሌላም አለኝ። አንቺ የምትመዝኚው በጉዳቱ ነው። የተጎዳ ካለ ቆሻሻ፣ ካልተጎዳ ንጹህ። እንደዚያ ከሆነ ያው አንድ ግጭት ሰኞ ንጹህ፣ ማክሰኞ ቆሻሻ ሊሆን ነው። ዳኛ የሚያየው ድርጊቱን ነው እንጂ የሐኪም ወረቀት አይደለም። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊሽካ ነፍቻለሁ። ልጁ ስለጮኸ ነፍቼ አላውቅም። እግር ኳስም ትከሻ ለትከሻን ይፈቅዳል። አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ይቆማል። ለወደቀው ሁሉ ቅጣት ምት ልስጥ?

ነርሷ

በጉዳት አልመዘንኩም። በቦታ ነው። ያልተጎዳም ቢሆን ጭንቅላቱ ከተመታ ጥፋት ነው ያልኩት።

ስለ ሰኞና ማክሰኞ ግን ጥሩ አነሱልኝ። በማርች 2010 የፒትስበርጉ ማት ኩክ የቦስተኑን ማርክ ሳቫርድን ከማያይበት ጎን መጥቶ ጭንቅላቱን ገጨው። ሳቫርድ በቃሬዛ ወጣ። ኩክ ለአንድ ጨዋታም አልታገደም። ለምን? የሚከለክል ሕግ የለማ! ክለቦቹና ሊጉ ተንጫጩ፣ በዚያው ወር ከጎን መጥቶ ጭንቅላት ላይ ማነጣጠር እንዲያስቀጣ ተደረገ። በቀጣዩ ዘመን በሕጉ መጽሐፍ 48ኛው ሕግ ሆነ። በ2011 ደግሞ ከጎን ይሁን ከፊት ሳይል ሰፋ፤ በኋላም ቃሉ እንዲህ ተስተካከለ፦ የግጭቱ ዋና ማረፊያ ጭንቅላት ከሆነና ማስቀረት ይቻል ከነበረ ጥፋት ነው። እንግዲህ ያው የኩክ ትከሻ በወሩ መጀመሪያ ዝም የተባለ፣ በወሩ መጨረሻ የሚያሳግድ ነው። ሰኞን ከማክሰኞ የቀላቀለው ራሱ ሊጉ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ሊንድሮስ ደግሞ አሥር ዓመት ቀድሞ ተገኘ። በቃ።

እውነቱን ለመናገር ሕጉ ሁሉንም አላዳነም። ሳቫርድ አገግሞ ተመለሰ። በጃንዩወሪ 2011 ማት ሀንዊክ የሚባል የቀድሞ የቡድን ጓደኛው አጥሩ ላይ ገጨው። የዚያን ጊዜው ግጭት ማንም ቆሻሻ ያላለው ነበር። የሳቫርድ የመጨረሻ ጨዋታ ሆነ። ይሄን ለእርስዎ በነጻ ሰጥቻለሁ።

ልጆቹስ? በካናዳ ሁለት አውራጃዎችን ያስተያዩ ተመራማሪዎች ነበሩ። በአልበርታ የ11ና የ12 ዓመት ልጆች መጋጨት ተፈቅዶላቸዋል፣ በኩቤክ አልተፈቀደላቸውም። የአልበርታዎቹ ላይ የመጎዳት አደጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ የታተመው በ2010 ነው። በ2013 የካናዳ ሆኪ ማኅበር በመላው አገሪቱ ለዚያ ዕድሜ መጋጨትን ከለከለ። እነዚያ ልጆች ክርናቸውን አላነሱም ይሆናል። ጋሼ፣ የእርስዎ ተማሪዎች ቢሆኑስ?

መምህሩ

ልጆቹን አልከራከርሽም። የ11 ዓመት ልጅ ገላ ገና ሊጥ ነው።

ለአዋቂዎቹ ግን ያ «ማስቀረት ይቻል ከነበረ» የሚለው ሐረግ ላይ ቁሚልኝ። የእኔ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ዝዴኖ ቻራ የሚባል ተከላካይ ነበር። ቁመቱ 206 ሴንቲ ሜትር። ዝም ብሎ ቢቆም ትከሻው የብዙውን ሰው አገጭ ያገኛል። ምን ያድርግ? ይንበርከክ? ሕጉ ራሱ ይሄን ስላወቀ ነው ገጪው ገላውን አነጣጥሮ ከሆነ፣ ተገጪውም በመጨረሻዋ ቅጽበት አጎንብሶ ራሱን አጋልጦ ከሆነ እዩለት የሚለው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ጠበቅ ያደርገዋል፣ አውቃለሁ። የሰሜን አሜሪካው ሊግ ግን በር ትቶለታል። ከ2011 ጀምሮ የተጫዋቾች ደህንነት የሚባል ክፍል አቋቁሟል። አንድ ሰው ባገዱ ቁጥር ምክንያቱን በቪዲዮ እያሳዩ ያስረዳሉ። ይሄን ወድጄዋለሁ። የእኛም ዳኞች በለመዱት።

ደግሞ ሁሉም ተገጪ የተሰበረ አይደለም። በ2003 የዋንጫው ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ያው ስቲቨንስ የአናሃይሙን ፖል ካሪያን እንዲሁ ገጨው። ካሪያ ለአፍታ ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ተሸክመው ሳይሆን በራሱ እግር ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ጎል አገባ! ያን ጎል አይቼ እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮኻለሁ። ጎረቤት በር አንኳኳ።

ነርሷ

ጎሉን አየሁት። እኔም ጮኽኩ፣ ግን በሌላ ምክንያት። ያ ሰው በዚያች ሰዓት መሮጥ ሳይሆን ጨለማ ክፍል ውስጥ መተኛት ነበረበት። የእኔ ልጅ እኮ «ሞተሯስ?» እያለ ቁልፍ ቢሰጡት ነድቶ ይሄድ ነበር። ካሪያ የጭንቅላት ጉዳቱ ብዙ ነው፣ ያ አንዱ ብቻ ነው። በ2011 ሐኪሞች አይሆንም ስላሉት ሆኪ ተወ።

ስለ ስቲቨንስ ደግሞ ያልነገሩኝ አለ። በዚያው በ2003፣ ከዋንጫው ፍጻሜ በፊት፣ የተመታች ፐክ ጭንቅላቱ ላይ አረፈችበት። በጃንዩወሪ 2004 በኮንከሽን ምልክቶች ከሜዳ ወጣ። አልተመለሰም። ፐኳ ክርን የላትም፣ ቂምም የላት። አንጎሉ ግን ማን እንደመታው አልጠየቀም።

በ2018 ሊጉ 318 የቀድሞ ተጫዋቾች በጭንቅላት ጉዳት ከስሰውት ወደ 19 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ጥፋቴ ነው ግን አላለም። ለአንድ ሰው ሲካፈል ስንት እንደሚደርስ እርስዎ ያስሉት፤ የሂሳብ መምህርም ነበሩ ይላሉ።

ስለ ቻራ ቁመት መልስ የለኝም። እሱን ለዳኛ ልተወው።

ለገና ላስታ እንወስድሻለን ያሉትን አልረሳሁም። እመጣለሁ። የሞተር ሄልሜት ይዤ ነው የምመጣው፣ እንዳትስቁብኝ።

መምህሩ

ሂሳብ ያስተማርኩት አንድ ዓመት ነው፣ ያውም ሰው ጠፍቶ። ለአንድ ሰው 60 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። አፍረውበት ይሆናል።

ነይ። ሩሯን እኔ አስጠርባለሁ። ሄልሜትሽን አድርጊ፣ አይስቁብሽም፤ ቢስቁም ቅልጥምሽን እንጂ ጭንቅላትሽን አይመቱሽም። ስቲቨንስን ግን አልሰጥሽም።